ታይዋንን ልመን ወይስ ዩታን?

ከሐዋሳ የጻፈችልኝ ወጣት በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሷን ከያዘች ዓመት ሆኗታል። ሲቪዋን ስትበትን ከርማ በመጨረሻ በመጠጥ ውኃ ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ጠርቷታል። ከኢንተርቪው በፊት ግን የቤት ሥራ ሰጧት። «አርሴኒክ ያለበት የመጠጥ ውኃ ካንሰር ያመጣል ወይ? በሰው ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ገምግመሽ በ2 ገጽ አቅርቢ» ይላል። የተሰጣት ጊዜ 5 ቀን ነው። ደብዳቤዋን ላሳጥረው፦

«ጋሼ፣ ያነበብኳቸው ጥናቶች ይጋጫሉ። የታይዋኑ በጣም አደገኛ ነው ይላል። የአሜሪካው፣ የዩታው፣ ምንም የለም ይላል። የትኛውን ልመን? ደግሞ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩት እነሱ ስለሆኑ የትኛውን መልስ መስማት እንደሚፈልጉ አላውቅም።»

ጋሼ ካልሽኝ እኔም አንቺ እላለሁ። ከመጨረሻው ልጀምር። ምን መስማት ይፈልጋሉ ብለሽ አትጨነቂ። ዋናውን መልስ እነሱም ያውቁታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አርሴኒክን፣ ከድንጋይ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የሚገባውን መርዝ፣ በ1ኛው ምድብ፣ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠው ውስጥ፣ ካስቀመጠው ቆይቷል። በ2004 ባሳተመው ግምገማ ደግሞ የመጠጥ ውኃውን ለይቶ የሳንባ፣ የፊኛና የቆዳ ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አለ ብሏል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ይህን ስልክሽ በአንድ ደቂቃ ይነግርሻል። ለዚህ ሰው አይቀጥሩም። ማየት የሚፈልጉት አንድ ጥናት እስከ የት ድረስ እንደሚያስኬድ፣ የት ላይ እንደሚያቆም መለየት መቻልሽን ነው።

እግረ መንገዴን፣ «1ኛ ምድብ» የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል። ምድቡ የሚነግርሽ ማስረጃው ምን ያህል የጠነከረ መሆኑን ነው። አደጋው ምን ያህል ትልቅ መሆኑን አይነግርሽም። ሲጋራም እንደ ሞርታዴላ ያለ የተቀነባበረ ሥጋም እዚያው ምድብ ውስጥ ናቸው። አንድ ሳንድዊች ግን ከአንድ ፓኬት ሲጋራ እኩል አይገድልም። ብዙ አመልካቾች እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። የዩታውን ጥናት ርዕሱንና ማጠቃለያውን ብቻ ያነበብሽው ይመስለኛል። አትቆጪ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን። በ1999 የታተመ ነው፤ በሚላርድ ካውንቲ በኖሩ 4,058 የሞርሞን እምነት ተከታዮች ላይ የተሠራ። በየከተሞቹ ውኃ ውስጥ የነበረው አርሴኒክ መካከለኛ መጠን በሊትር ከ14 እስከ 166 ማይክሮግራም (የሚሊግራም ሺኛ) ነበር። የሳንባና የፊኛ ካንሰር ሞት ከሚጠበቀው በላይ አልሆነም። ታዲያ «ከሚጠበቀው» ሲሉ ከማን ጋር አነጻጽረው ነው? ከመላው የዩታ ሕዝብ ጋር። ሞርሞኖች ማጨስ በሃይማኖታቸው ክልክል ነው። በዩታ ግን ሞርሞን ያልሆነ፣ የሚያጨስ ሰውም አለ። የሳንባና የፊኛ ካንሰር ዋናው መነሻ ደግሞ ሲጋራ ነው። ስለዚህ «የሚጠበቀው» ቁጥር ገና ከጅምሩ ለእነዚህ ሰዎች ከፍ ያለ ነው። አርሴኒኩ ትንሽ ቢጨምርባቸው እንኳ እዚያ ክፍተት ውስጥ ተውጦ ይቀራል። በዚያ ላይ የሕዝቡ ቁጥር ትንሽ ነው። በፊኛ ካንሰር የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን፣ እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለውን ክልል፣ እዪው፣ በር የሚያህል ነው። ደግሞ «ምንም የለም» ማለትሽም ልክ አይደለም። የፕሮስቴት ካንሰር ሞት ከፍ ብሎ አግኝተዋል። እንደገና አንብቢው።

ታይዋን ሌላ ዓለም ነው። በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ያሉ መንደሮች ለአሥርት ዓመታት ከጥልቅ ጉድጓድ ይጠጡ ነበር። በውኃው ውስጥ በሊትር በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮግራም አርሴኒክ ነበረበት። እግር የሚያጠቁርና የሚያበሰብስ በሽታ የታወቀው እዚያ ነው። በ1968 በታተመው ጥናት ከተመረመሩት 40,421 ሰዎች 428ቱ የቆዳ ካንሰር ነበራቸው። ከሺህ ሰው ከ10 በላይ ማለት ነው። ትልቅ ቁጥር ነው። ድክመቱ የት ጋ ነው? የእያንዳንዱ ሰው ተጋላጭነት አልተለካም። የተለካው የመንደሩ ጉድጓድ ነው። በአንድ መንደር የሚኖሩ ሁለት ሴቶች ከተለያየ ጉድጓድ ቢቀዱም ጥናቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣቸዋል። የነዋሪዎቹም ምግብ ድሀ ነበር፤ ሩዝና የደረቀ ስኳር ድንች ይበዛበታል። ይህም ሰውነት አርሴኒክን የሚያስወግድበትን መንገድ ሊያዳክም ይችላል የሚል ክርክር አለ።

እንግዲህ ይጋጫሉ? እኔ አይጋጩም ባይ ነኝ። ዱባና ቅል ናቸው። አንዱ የጠየቀው በብዙ መቶ ማይክሮግራም ምን ይሆናል ነው። ሌላኛው ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን፣ በጥቂት ሰው፣ አጫሽ በሌለበት ማኅበረሰብ ምን ይታያል ብሏል። በከፍተኛ መጠን ካንሰር ማምጣቱ አያከራክርም። የሚያከራክረው ዝቅተኛው መጠን ላይ ምን ያህል ይጨምራል የሚለው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በራስሽ ቃል የመጀመሪያው አንቀጽሽ ላይ አስቀምጪው።

አንድ ጥናት ብቻ በደንብ አንብቢ ብትዪኝ ግን ቺሊን እመርጥልሻለሁ። አንቶፋጋስታ በአታካማ በረሃ ጫፍ ያለች ከተማ ናት። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ምንጭ የለም፣ የጓሮ ጉድጓድ የለም። በ1958 ከአንዲስ ተራራ የሚወርዱ ወንዞችን በቧንቧ አመጡላት። ውኃው በሊትር ወደ 860 ማይክሮግራም አርሴኒክ ነበረው። በ1970 ማጣሪያ ተተከለና መጠኑ ወረደ። ልብ በዪ፦ መጀመሪያው ይታወቃል፣ መጨረሻው ይታወቃል፣ ከተማው በሙሉ የጠጣው አንድ ውኃ ነው። ማን ከየት ቀዳ ብለሽ አትጨነቂም። ተመራማሪ ልሥራ ብሎ ሊሠራው የማይችለውን ሙከራ ጂኦግራፊው ሠራው፤ ዋጋውን ሰዎቹ ከፈሉ እንጂ።

ውጤቱ ምን ሆነ? አካባቢውን ከቫልፓራይሶ ክልል ጋር አነጻጸሩት። የሳንባ ካንሰር ሞት መጨመር የጀመረው ውኃው ከመጣ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የሳንባና የፊኛ ካንሰር ሞት ተደምሮ ጣሪያ የነካው ከ1992 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ነበር። ከ100,000 ወንድ በዓመት 153 ሞቱ፤ በቫልፓራይሶ 54። ማጣሪያው ከተተከለ 20 ዓመት አልፎ ማለት ነው! ውኃው ንጹሕ ከሆነ በኋላ የተወለደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወላጆቹ ገና በዚያ ውኃ እየሞቱ ነበር።

ይህን ወደ እኛ አገር አምጪው። የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ ሐዋሳ ላለሽው ለአንቺ ልንገርሽ አልልም፣ የሰዉ ጥርስ ይናገራል። እዚያው አካባቢ በአንዳንድ ጉድጓዶች አርሴኒክም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 10 ማይክሮግራም ወሰን በላይ ተገኝቷል። አሁን አንድ ሰው ተነስቶ «ጉድጓዱ ከተቆፈረ 8 ዓመቱ ነው፣ ሆስፒታሉን ጠየቅን፣ የፊኛ ካንሰር አልበዛም» ቢልሽ ምን ትመልሺያለሽ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ጊዜው ገና ነው። መዝገቡም የለም። በሕዝብ ላይ የተመሠረተው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2011 ሲጀምር የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪ ነው። ከገጠር መጥቶ ጥቁር አንበሳ የታከመ ሰው እዚያ ስሌት ውስጥ አይገባም። «አልታየም» እና «የለም» የተለያዩ መሆናቸውን ይህ ምሳሌ በደንብ ያሳይልሻል።

ባንግላዴሽን በ3 መስመር ጨርሺው። በአራይሃዛር ወደ 12,000 ሰው ይዘው የእያንዳንዱን ሰው ጉድጓድና ሽንት ለክተዋል። የታይዋንን ቀዳዳ የደፈነ ጥናት ነው። ግን ጥንቃቄ፦ በ2010 የወጣው ታዋቂ ውጤታቸው ስለ አጠቃላይ ሞት ነው። ለካንሰር ማስረጃ ብለሽ እንዳትጠቅሺው። ፈታኙ ካነበበው አለቀልሽ።

ከባንግላዴሽ ግን ለድርጅቱ የሚሆን ሌላ ነገር ውሰጂ። እነዚያ ጉድጓዶች የተቆፈሩት ሕዝቡን ከኩሬ ውኃና ከተቅማጥ ለማዳን ነበር። በክፋት የቆፈረ የለም። ስለዚህ «ዝጉት» ብለሽ አትጨርሺ። ጉድጓዱ ሲዘጋ እናቶች የሚመለሱት ወደ ኩሬው ነው። ከመቆፈር በፊትና በኋላ መለካት፣ የበዛበትን ለይቶ ምልክት ማድረግ፣ አማራጩ ሲቀርብ ማዛወር በዪ። የዓለም ጤና ድርጅት የ10 ማይክሮግራም ወሰንም ጊዜያዊ ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ከዚያ በታች ማውረድም መለካትም ስለሚያስቸግር። 9 ሲሆን ጤና፣ 11 ሲሆን መርዝ እንዳታስመስዪው።

አሁን ስለ ዩኒት አንድ ቁጣ። ወጣት ሳለሁ ለአንድ መሥሪያ ቤት በጻፍኩት ሪፖርት ላይ 0.05 ሚሊግራምን 5 ማይክሮግራም ብዬ ጻፍኩት። 50 ነው። ከወሰኑ 5 እጥፍ የሆነውን ውኃ ከወሰኑ በታች አድርጌ አሳለፍኩት። ስብሰባ ላይ ያየችው የላብራቶሪ ቴክኒሻኗ ነበረች። እስካሁን ፊቷ አይጠፋኝም። አንቺ ሁሉንም ቁጥር ወደ ማይክሮግራም ቀይረሽ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጪ። አምዶቹ፦ ቦታ፣ መጠን፣ ስንት ዓመት ጠጡ፣ ተጋላጭነቱ በሰው ነው በመንደር የተለካው፣ ማጨስ ታይቷል ወይ፣ ስንት ታማሚ። ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ሠንጠረዡ ብቻውን ግማሽ ኢንተርቪው ያልፍልሻል።

«ስታቲስቲክስ ላይ ደካማ ነኝ» ላልሽው፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቀመር መሸምደድ አይደለም። «ከማን ጋር ተነጻጸረ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሥራውን ካገኘሽ በኋላ አር የሚባለውን ሶፍትዌር ተማሪ፣ በነጻ ነው። ከዚያ በላይ ግን ከሃይድሮጂኦሎጂ (የከርሰ ምድር ውኃ) ባለሙያ ጋር ሻይ መጠጣት ልመጂ። ጉድጓዱ ከየትኛው ድንጋይ እንደሚቀዳ የሚያውቀው እሱ ነው። የጤና ሰዎች ይህን ይንቃሉ፣ እኔም ንቄ ነበር።

ኢንተርቪው ላይ «ታዲያ የእኛ ውኃ ካንሰር ያመጣል?» ብለው ቢያፋጥጡሽ፣ መጠኑን ጠይቂያቸው። ካልለኩ፣ መልሱ የሚጀምረው ከመለካት እንደሆነ ንገሪያቸው። በዚህ ምክንያት ካልቀጠሩሽ ጻፊልኝ፣ ሌላ ቦታ አብረን እንፈልጋለን።

ረቂቁን እስከ ሐሙስ ማታ ከላክሽልኝ አነበዋለሁ። ዩኒቶቹን ግን አንቺው ሁለቴ ፈትሺያቸው፤ እኔ በዚህ ጉዳይ የምታመን ሰው አይደለሁም።