ፍርሃቱ ለምን አቅጣጫውን ሳተ?

ጥያቄ፦ በዳላስ አቅራቢያ በምትገኘው ጋርላንድ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኢቦላ ሕመምተኛ በከተማው በተገኘበት ሰሞን የሥራ ባልደረቦቼ በምሳ ሰዓት ከአጠገቤ ይርቁ ነበር፤ አንዷም «ከአፍሪካ የመጣ ዘመድ አለሽ ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። ባለሥልጣናቱ በየዕለቱ በቴሌቪዥን እየቀረቡ «አትስጉ» ሲሉ ሕዝቡ ይበልጥ የፈራው ስለ ምንድን ነው? ሌላ ወረርሽኝ በተሰማ ቁጥርስ ይኸው ነገር ቢደርስብኝ ምን ልበል?

መልስ፦ እህታችን፣ የባልደረቦችዎን ሁኔታ አለማወቅ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ በዚያ ሰሞን ሹማምንቱን ለመጠራጠር በቂ ምክንያት ነበረው። የጤና ባለሥልጣናቱ ሕመምተኛን ለይቶ ማስተኛት የሚችል ሆስፒታል ሁሉ በሽታውን ሊገታው እንደሚችል ሲያረጋግጡ ቆይተዋል። ሴፕቴምበር 20 ቀን ከላይቤሪያ ዳላስ የገባው ሰው ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ታምሞ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ፣ ከአፍሪካ መምጣቱ በመዝገብ ላይ ሰፍሮ እያለ፣ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሴፕቴምበር 28 ቀን በአምቡላንስ ተወስዶ ተኛ፤ በሽታው ኢቦላ መሆኑ በ30 ተረጋገጠ፤ ኦክቶበር 8 ቀን አረፈ። ካስታመሙት ነርሶች ሁለቱ ተያዙ። ከእነርሱም አንዷ የሰውነት ሙቀቷ 37.5 ዲግሪ መድረሱን ለፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደውላ ብታሳውቅም የከለከላት ስላልነበረ፣ ከክሊቭላንድ ወደ ዳላስ በአውሮፕላን ተመለሰች። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «አትስጉ» ሲባል ቢሰጋ አይፈረድበትም።

የሚፈረድበት ስጋቱን ባሳረፈበት ቦታ ነው። ሕመምተኛው ታምሞ በቆየበት አፓርታማ አብረውት ከነበሩት አንድም ሰው አልተያዘም፤ ከእርሱ ጋር ንክኪ አላቸው ተብለው ለ21 ቀናት ክትትል የተደረገላቸው 48 ሰዎችም፣ ከነርሷ ጋር የተሳፈሩት 132 መንገደኞችም ደኅና ነበሩ። ኢቦላ ምልክት ሳያሳይ አይተላለፍም፤ በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠንም ሕመሙ በበረታ ቁጥር እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደሙን፣ ትውከቱንና ተቅማጡን የሚያጸዳው አስታማሚ ከሁሉ በላይ ይጋለጣል። ስለዚህ ሕዝቡ የነርሶቹ መከላከያ ልብስ የተሟላ ነው ወይ ብሎ ቢጮህ ኖሮ በቦታው በሆነ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ በሜይን ግዛት አንዲት መምህርት ለስብሰባ ዳላስ ደርሳ በመመለሷ ብቻ 21 ቀን ከሥራ እንድትቆይ ተደረገ፤ አንድ የቴክሳስ ኮሌጅም ኢቦላ ከገባባቸው አገሮች ተማሪ አንቀበልም ብሎ ለናይጄሪያውያን አመልካቾች ጻፈ። ናይጄሪያ በዚያው በኦክቶበር ወር ከበሽታው ነፃ መሆኗ የታወጀላት አገር ናት። (ከሰው ይልቅ ውሻ የተሻለ ፍርድ አግኝቷል ማለት ይቻላል፦ በማድሪድ የታመመችው ነርስ ውሻ በባለሥልጣናት ትእዛዝ ሲገደል፣ የዳላሷ ነርስ ውሻ ግን ተለይቶ ተጠብቆ በሰላም ለባለቤቱ ተመልሷል።)

ወደ እርስዎ ስንመለስ፣ ለላይቤሪያዋ ሞንሮቪያ ከአዲስ አበባ ይልቅ ማድሪድ ትቀርባለች፤ በማድሪድ ደግሞ በዚያው ሰሞን በሽታው ተገኝቶ ነበር። ባልደረባዎ ግን አንዲት እስፓኛዊት ባገኘች ያንኑ ጥያቄ ታነሣባት ነበር ብለን አናምንም። አፍሪካ በእርሷ አእምሮ አንድ ሰፈር ናት።

ነገሩ ዳግም ከገጠመዎ መቆጣቱንም ማስተባበሉንም ትተው፣ በሽታው የተነሣው በየትኛው አገር፣ በየትኛው አካባቢ መሆኑን፣ ከዚያ የመጣ ሰው ካለም መቼ እንደመጣና ትኩሳት እንዳለው ባልደረባዎን መልሰው ይጠይቋት። ያ የዳላስ ሕመምተኛ መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል በሄደበት ሌሊት ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ጥያቄዎች እነዚሁ ነበሩ።