የወንድሜ ዕዳ እኔ ክሬዲት ላይ ምን ይሠራል?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስቱም ጥያቄዎች አሜሪካ ከሚኖሩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔና ታናሽ ወንድሜ አብረን ነው በስደተኝነት የመጣነው። ሁለታችንም ወረቀታችን ላይ የተወለድነው ጃንዋሪ 1 ነው፣ ዓመቱ ብቻ ይለያያል። አሁን ቤት ልገዛ ስል እሱ ያልከፈለው የመኪና ብድር በእኔ ክሬዲት ሪፖርት (የብድር ታሪክ መዝገብ) ላይ ተገኘ። ኮሳይን አላደረግሁለትም፣ ማለትም ዋስ ሆኜ አልፈረምኩም። ከፍዬ ልገላገል ወይስ ልከራከር? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትከፍል! ብትከፍልም አትገላገልም። ሳይከፈል ያለፈው ወር እስከ 7 ዓመት ሪፖርትህ ላይ ሊቆይ ይችላል። ዕዳው ያንተ አይደለም፣ አለቀ።

የሌላ ሰው ዕዳ በስማችን መግባቱ እኛን ቶሎ የሚያገኘን ያለ ምክንያት አይደለም። ፋይልህን የያዙት ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት የግል ድርጅቶች ናቸው። ክፈቱልኝ ብለህ አልሄድክም፣ ባንኮች ናቸው መረጃህን የሚልኩላቸው። ከዚያ ኮምፒውተር ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀንና ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) እያመሳከረ የማን እንደሆነ ይገምታል፣ አንዳንዴም ሁሉም ነገር እስኪገጥም አይጠብቅም። እስቲ እናንተን አስቡት፦ የአባት ስም አንድ፣ ለዓመታት የኖራችሁበት አፓርትመንት አንድ፣ ልደት ጃንዋሪ 1 (ስንት ሐበሻ በአንድ ቀን እንደተወለደ ሲታይ መቼም ያስቃል)። ከ2011 በፊት ደግሞ የሶሻል ቁጥር በተራ ይሰጥ ስለነበር፣ አንድ ቀን ያመለከቱ ወንድማማቾች በመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ። ለኮምፒውተሩ አንድ ሰው ናችሁ።

በስም መመሳሰል የተጎዳ ሌላ ሰው ልንገርህ። በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰርጂዮ ራሚሬዝ የሚባል ሰው መኪና ሊገዛ ሄደ። ሻጩ ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ስሙ ሽብርተኞችና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ካሉበት የመንግሥት ዝርዝር ጋር ሊገጥም ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። መኪናውን ሚስቱ በስሟ ገዛች። ትራንስዩኒየን ያመሳከረው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ብቻ ነበር። ራሚሬዝ እንደ እሱ ፋይላቸው ላይ ማስጠንቀቂያው የተገኘባቸውን ሰዎች ወክሎ ትራንስዩኒየንን ከሰሰ። ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 በ5 ለ4 ድምፅ ተወሰነ፦ ከ8,185 ሰዎች ውስጥ በዚህ ስህተት ካሳ መጠየቅ የሚችሉት ሪፖርታቸው ለሌላ ድርጅት የተላከባቸው 1,853ቱ ብቻ ናቸው ተባለ። የቀሩት ፋይላቸው ውስጥ ያ ስህተት ቢቀመጥም ማንም ስላላየው አልተጎዱም ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ስምህ እንደዚያ ተጽፎ በሆነ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ነገ አከራይ ሲጠይቅ ብድግ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ጉዳቱ ያኔ ነው የጀመረው?

አሁን የምታደርገው ይህን ነው። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ገብተህ ሦስቱንም ሪፖርት አውጣ፣ በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣል። ከሦስቱ ድርጅቶች (ክሬዲት ቢሮ ነው የሚባሉት) ስህተቱ ላለበት ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ጻፍ፣ ኦንላይን ላይ ያለችው ሣጥን አትበቃም። «ሚክስድ ፋይል» (የሁለት ሰው መረጃ የተቀላቀለበት ፋይል) የሚለውን ቃል ግልጽ አድርገህ አስገባ። የመንጃ ፈቃድህንና የሶሻል ካርድህን ኮፒ፣ እንዲሁም ወንድምህ ብድሩ የእኔ ነው ብሎ የፈረመበትን ወረቀት አያይዝና በሰርቲፋይድ ሜይል ላከው። ከ1970 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው። ለአበዳሪውም ጻፍ፣ ግን ለእሱ ብቻ እንዳይሆን። በፌዴራል ሕግ አላጣራህም ብለህ አበዳሪውን ልትከስ የምትችለው ቅሬታህ መጀመሪያ በክሬዲት ቢሮው በኩል ካለፈ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው።

ጥያቄ፦ የሆስፒታል ቢል ከክሬዲት ላይ ይወጣል ተብሎ ደስ ብሎን ነበር። አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ተሰርዟል ይሉኛል። የቱ ነው እውነቱ? (ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱም እውነት ነው። የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በጃንዋሪ 2025 የሕክምና ዕዳ ከሪፖርት እንዲወጣ የሚያዝ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ዳኛ ሻረው።

ባዶ እጅዎን ግን አልቀሩም። ሦስቱ ድርጅቶች ራሳቸው ከ2022 ጀምሮ የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ቢል) ያነሳሉ፣ ያልተከፈለውንም ዓመት ሳይሞላው አይጽፉም፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ትተዋል። በፈቃዳቸው ስለሆነ ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ የሚከለክላቸው የለም፣ ይህን ይወቁ። ከዚህ ሌላ ደግሞ ኮሎራዶ በ2023 የሕክምና ዕዳ በሪፖርት እንዳይወጣ የራሷን ሕግ አውጥታለች። በኦክቶበር 2025 ያው የፌዴራል ቢሮ፣ አመራሩ ተቀይሮ፣ ግዛቶች በዚህ ጉዳይ ሕግ ማውጣት አይችሉም የሚል ትርጓሜ አወጣ። ትርጓሜው በራሱ የኮሎራዶን ሕግ አይሽርም፣ ለከሳሽና ለተከሳሽ ግን መከራከሪያ ይሆናል።

ግዛቶች የራሳቸውን ሕግ ያውጡ አያውጡ የሚለው ጠብ የቆየ ነው። በ1996 ኮንግረስ በአንዳንድ የክሬዲት ጉዳዮች የግዛቶችን እጅ አሰረ፣ ለጊዜው ተብሎ። ጊዜው በ2003 መጨረሻ ሊያልቅ ሲል ባንኮች «አገሩን ሁሉ የሚገዛ አንድ ሕግ ይኑረን፣ 50 ዓይነት ሕግ አንችልም» አሉ። ለግል መረጃ የሚቆረቆሩት ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ መነሻ ይሁን እንጂ ጣሪያ አይሁን ብለው ተከራከሩ። ባንኮቹ አሸነፉ፣ እገዳው ቋሚ ሆነ። እገዳውን ቋሚ ያደረገው ያው ሕግ ነው በዓመት አንዴ ነፃ ሪፖርት የማግኘት መብት የሰጠን (በየሳምንቱ የሚሰጡን በፈቃዳቸው ነው)። ርካሽ የሸጥነው ይመስለኛል።

አንድ ነገር አደራ፦ የሆስፒታሉን ቢል በክሬዲት ካርድ አይክፈሉ። ካርዱ ላይ ከገባ በኋላ የሕክምና ዕዳ መሆኑ ቀርቶ ተራ የካርድ ዕዳ ይሆናል፣ ይህ ሁሉ ጥበቃም አይደርስለትም። ሆስፒታሉን በወር በወር ልክፈል ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ «ፕሪአፕሩቭድ» (አስቀድሞ የተፈቀደ) የሚል የክሬዲት ካርድ ፖስታ በየቀኑ ይመጣል። ከአራት ሰው ጋር ነው ቤት የምንጋራው፣ አንዱ ከፍቶ በስሜ እንዳያወጣ እፈራለሁ። ስሜን ማን ሰጣቸው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ዝርዝሩን ይሸጣሉ፣ ሕጉም ይፈቅድላቸዋል፣ አልፈልግም ማለት ያለብሽ አንቺ ነሽ። በ1-888-567-8688 ደውለሽ ለ5 ዓመት አስቁሚ፣ ለዘለዓለም ከሆነ ፎርም ፈርመሽ በፖስታ ትልኪያለሽ።

ፖስታው ቢቆምም ሶሻልሽ የሆነ ቦታ ሊኖር ይችላል። በ2017 ኢኩዊፋክስ ሲዘረፍ የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰው መረጃ ወጥቷል። ስለዚህ ክሬዲትሽን ፍሪዝ አድርጊው፣ ማለትም በስምሽ አዲስ ብድር እንዳይከፈት ሪፖርትሽን አዘጊው። ከ2018 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነፃ ነው፣ ስኮርሽን (የክሬዲት ነጥብሽን) አይነካም። ሦስቱም ጋ ለየብቻ መደረግ አለበት፣ አንዱ ከተረሳ በር ክፍት ነው። ብድር ስትፈልጊ በስልክ ወይም በኦንላይን ከጠየቅሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊከፍቱልሽ ይገደዳሉ። ፍሪዝ የሚመስለውን «ሎክ» የሚባለውን በወር ክፍያ ሊሸጡልሽ ቢሞክሩ እምቢ በይ፣ በሕግ የተሰጠሽ ፍሪዙ ነው።