ስኳር ያለበት እግርና ቴርማል ካሜራ፦ ጥያቄና መልስ

የስኳር ሕመምተኞችን እግር የምከታተል ነርስ ነኝ። ስለ ቴርማል ካሜራ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ ደረሱኝ እመልሳለሁ።

ካሜራው ምኑን ነው የሚያየው?

ከቆዳ የሚወጣውን ሙቀት ነው። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ማመሙን ያቆማል፤ ሰው ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ላይ ቆሞ ይውላል። እየተደጋገመ የሚጫን ቦታ ከቆዳው ሥር ይቆጣል፣ የተቆጣ ሥጋም ይሞቃል። ይህ ሙቀት ቆዳው ከመከፈቱ ሳምንታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 129 ሰዎችን ሙቀት በሚለካ ምንጣፍ ላይ በየቀኑ እያስቆመ ተከታትሏል። ምንጣፉ 97 በመቶ የሚሆኑትን ቁስሎች በአማካይ ከ37 ቀን በፊት ጠቁሟል። የሐሰት ማስጠንቀቂያውም 57 በመቶ ነበርና በአንድ ቀን ንባብ አትደንግጡ።

ዱባይ ነው የምሠራው። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ስልክ ላይ የሚሰካውን ካሜራ ልግዛላት?

እኔ ብሆን አልገዛም፣ እህቴ። ውስጥ እግርን ብቻን ሆኖ ማንሣት ከባድ ነው፤ ሥዕሉን የሚያነብላትም ሰው ያስፈልጋል። በርካሽ የሚገኝ የቆዳ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይበቃታል። በየእግሩ ስድስት ቦታ ትለካ፦ አውራ ጣት፣ ከጣቶቹ ሥር ሦስት ቦታ፣ መሃል እግርና ተረከዝ። ቀኙን ከግራው ጋር ታወዳድር። የአንዱ ቦታ ልዩነት ሁለት ቀን በተከታታይ ከ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ክሊኒክ ትደውል። የግንባር ትኩሳት መለኪያ ግን አይሆንም፤ ብዙዎቹ የእግርን ያህል ዝቅ ያለ ሙቀት አያነቡም።

ልዩነቱ ከታየ በኋላስ?

ማረፍ ነው። ሰው የማይወደው መልስ ይኸው ነው፤ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሥራ አለ። ግን ጥቅሙ የሚገኘው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት 225 ሰዎችን ለ18 ወር ተከታትሎ፣ በየቀኑ ለክተው ሲሞቅ እርምጃ ከቀነሱት 4.7 በመቶ፣ ካልለኩት 12.2 በመቶ መቁሰላቸውን አሳይቷል። በ2021 የወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት ደግሞ 304 ሰዎችን ይዞ በዋናው መለኪያው አስተማማኝ ልዩነት አላገኘም፤ ትኩስ ቦታ አይተው እርምጃቸውን የቀነሱት ግን ተጠቅመዋል። በእንግሊዝ በወር አንዴ በካሜራ ሲታዩ ከነበሩት 62 በመቶ፣ ካልታዩት 56 በመቶ ሳይቆስሉ ዓመቱን ጨርሰዋል፤ ይህም አስተማማኝ ልዩነት አይደለም። ካሜራው ጥሩ ነበር፤ ወር ግን ለእግር ረጅም ጊዜ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለስኩ ብለካ ችግር አለው?

አለው። ጫማና ካልሲ አውልቀው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡ።

ሁለቱም እግሮቼ ቀዝቃዛ ናቸው። ደህና ነኝ ማለት ነው?

አይደለም፣ ጋሼ። ቅዝቃዜ የደም ሥር መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም የእግርዎን የደም ምት ይዳስስ። ካሜራ ሁለቱንም እኩል ሲያይ ዝም ሊል ይችላል። እባክዎ ከሰል ማንደጃ አጠገብ አያሙቋቸው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥም አይዘፍዝፏቸው። የማይሰማው እግር መቃጠሉን አይናገርም።

አንዱ እግሬ አብጦ ቀልቷል፣ ይሞቃል፤ ቁስል የለውም፣ ብዙም አያመኝም።

ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እስኪደርሱም አይርገጡበት። ኢንፌክሽን ወይም የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ሻርኮ የሚባለውም አለ፣ የእግር አጥንትና መገጣጠሚያ ሳያም የሚፈርስበት ችግር። ሻርኮ ከሆነ በጄሶ ይታሰራል፤ ሐኪሙ ጄሶውን ለማንሣት ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት መቀነሱ ነው።

አባታችን አንድ እግሩ ተቆርጧል። እንዴት ይወዳደራል?

ያንኛው ከሌለ የ2.2ቱ ስሌት አይሠራም። በተረፈው እግር ላይ አንዱን ቦታ ከአጠገቡ ጋር ያወዳድሩ፤ ከመለኪያው ይበልጥ ግን የክሊኒክ ቀጠሮውን አያሳልፍ። ማታ ማታ ውስጥ እግሩን በመብራት ይዩለት፣ መጅ ካለ በምላጭ አይቁረጡ። ጫማውንም ከማድረጉ በፊት እጅዎን ውስጡ አስገብተው ይዳስሱት።