መጽሐፉን ተዪው፣ መብራቱን ጠይቂ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ባለቤቴ ለ10ኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን ሁለት ሌሊት የምናድርበት አንድ ትንሽ ሆቴል መርጧል። እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ደራሲ ስም የተሰየመ ነው። በፎቶው ላይ ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ ነው። ዋጋው ግን በዚያው አካባቢ ካሉት ሆቴሎች ከፍ ይላል። እኔ ማንበብ ነፍሴ ነው፤ እሱ ግን ጋዜጣም ቢሆን ከስፖርት ገጹ አያልፍም። ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን እንደሌለ ሲያይ ደግሞ ትንሽ ደንገጥ ብሏል። መጽሐፉ ለጌጥ ብቻ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ? እሱስ ይሰለቸው ይሆን?
ማንበብ የምትወድ ሚስት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ባልሽን አመስግኚልኝ። ከስፖርት ገጽ የማያልፍ ሰው በየበሩ ደራሲ ወደተጻፈበት ቤት ልውሰድሽ ካለ፣ ስለ እሱ ብዙም አታስቢ። የሚያሳስበው ሆቴሉ ነው።

እኔ በእንዲህ ያለ ቤት አንዴ ጉድ ሆኛለሁ። ስሙን አልጠራም። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነበር። ሻንጣዬን ሳልከፍት ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። አንዱን ስስብ አራቱ አብረው መጡ። በሙጫ ተጣብቀዋል! ሌላኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ደግሞ ርዕሳቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ ወረቀታቸው ብቻ ነው የሚታየው። ለምን እንደሆነ የገባኝ መጋረጃውን ሳይ ነው፤ ቀለሙ አንድ ነው። ብዙ ፈልጌ ሙጫ ያልነካው አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ስለ ግብር ሕግ፣ ያውም ሁለተኛው ቅጽ። እሱንም ቢሆን ላነበው ቆርጬ ነበር። ግን ራስጌ ያለው መብራት ለፍቅር እንጂ ለፊደል የሚሆን አልነበረም። በመጨረሻ መታጠቢያ ቤት ገብቼ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ከክፍሉ ሁሉ ደህና ብርሃን የነበረው እዚያ መስታወት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አልቆጥርም። አሮጌ መጽሐፍ ለቤት አስጌጪዎች እንደ ጨርቅ በሜትር ይሸጣል፤ ገንዘብ ያለው ሰው በአንድ ቀን ግድግዳውን ሊሞላ ይችላል። ጥሩ የራስጌ መብራት የሚገዛው ግን እንግዳው ተኝቶ ሲያነብ በዓይነ ሕሊናው ያየ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍለሽ ከመያዝሽ በፊት ደውዪ። አልጋው በግራም በቀኝም ለየብቻው የሚበራና የሚጠፋ መብራት አለው ወይ በያቸው። እናንተ ዘንድ ይሄ ቅንጦት አይደለም፤ እሱ ሲተኛ አንቺ ገና ምዕራፍ 3 ላይ ነሽ። ጀርባ የሚደግፍ ወንበር መኖሩን ጠይቂ። ቀጥለሽ ደግሞ፣ «ጀምሬ ያልጨረስኩትን መጽሐፍ ምን ላድርገው?» በያቸው። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ስልኩን ያነሳው ሰው ጥያቄው ካልገረመው እዚያ ቤት መጽሐፍ ይነበባል ማለት ነው።

የደራሲ ስም በር ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ሐሳቡ ሲታሰብበት ግን ያስታውቃል። ኒውዮርክ የሚገኘው ላይብረሪ ሆቴል 60 ክፍሎቹን በዲዩዊ አመዳደብ፣ ማለትም ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን በርዕሰ ጉዳይ ለይተው በቁጥር በሚደረድሩበት ዘዴ ነው የከፋፈላቸው። አንዱ ፎቅ የቋንቋ፣ አንዱ የታሪክ፣ አንዱ የሒሳብና የሳይንስ እያለ ይሄዳል። ክፍሎቹ ውስጥ ያሉት መጻሕፍትም ከክፍሉ ርዕስ ጋር የሚሄዱ ናቸው፤ የሥነ ፈለክ ክፍል ከደረሰሽ ከከዋክብት ጋር ታድሪያለሽ። (በነገራችን ላይ፣ የዲዩዊ ስያሜ ባለቤት የሆነው የቤተ መጻሕፍት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ሆቴሉን ከሶት ነበር። በስምምነት ነው ያለቀው፤ ሆቴሉ ልጆችን ማንበብ ለሚያበረታታ በጎ አድራጎት ገንዘብ ሰጠ። ክስ ሁሉ እንዲህ ቢያልቅ!)

ደራሲው በእርግጥ የኖረበት ቤት ደግሞ ሌላ ነው። አየርላንዳዊው ደራሲ ኦስካር ዋይልድ እ.ኤ.አ. በ1900 የሞተው ፓሪስ ውስጥ ኦቴል ዳልዛስ ይባል በነበረ ርካሽ ሆቴል ነው፤ የሆቴሉንም ሂሳብ ከፍሎ አልጨረሰም ነበር። ዛሬ ያው ቤት ሎቴል ተብሎ ትንሽ ግን ዋጋው ውድ የሆነ ሆቴል ሆኗል፣ በስሙም ክፍል አለ። ደራሲው መክፈል ያቃተውን ቤት አንባቢው በስንት እጥፍ ይከፍልበታል። እንዲህ ያለ ቤት ከሆነ የምትከፍዪው ለታሪኩ ነው፤ መብራቱን መጠየቅ ግን እዚያም አይቀርም።

ቴሌቪዥን አለመኖሩ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው። አሜሪካ፣ ኦሬገን ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የተከፈተው ሲልቪያ ቢች ሆቴል ክፍሎቹን በደራሲዎች ስም ሰይሞ ቴሌቪዥንና የክፍል ስልክ ሳያስገባ ነው የታወቀው። ይህም ሰዉ ክፍሉን ትቶ ሁሉም በጋራ ወደሚጠቀምበት የንባብ ክፍል እንዲወጣ ያደርገዋል። ስለ ዋጋውም ልንገርሽ፦ የጋራው የንባብ ክፍል ሌሊት ክፍት ከሆነ፣ ትልቁን ባለ ዝነኛ ደራሲ ክፍል ትታችሁ ትንሹን ያዙ። እዚያ የምትገቡት ለእንቅልፍ ብቻ ነው። የአስፈሪ ታሪክ ደራሲ ክፍል ከደረሳችሁ ግን ጌጡ ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ባልሽስ? የእኔውም አያነብም። ግን እንዲህ ባለ አንድ ሆቴል የንባብ ክፍል ውስጥ አሮጌ የካርታ መጽሐፍ አገኘና ዛሬ የሌሉ አገሮችን ሲፈልግ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። «ዩጎዝላቪያን አየሻት?» እያለ ሦስቴ ከንባቤ አናጠበኝ። ካርታ ባይኖር የፎቶ መጽሐፍ አይጠፋም፤ እሱም ባይኖር ይተኛ። አሥር ዓመት አብሮሽ የኖረ ሰው አንቺ ስታነቢ አጠገብሽ መተኛትን ለምዶታል።

ለማንኛውም የመጽሐፍ ሽፋን ላይ የምትሰካ ትንሽ መብራት ሻንጣሽ ውስጥ ክተቺ። እኔ ያለሷ ከቤት አልወጣም። ባትሪው አብሮ መሸጡን ግን አረጋግጪ፤ የእኔ አብሮ አልመጣም ነበር፣ ያወቅኩትም ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው።