ሙቀት ሲበረታ ውሃ እምቢ ላለ ውሻ

እህቴ፣ «ውሻዬ በዚህ ሙቀት ሲያለከልክ ይውላል፤ ውሃው ግን ከሳህኑ አይጎድልም፤ በስሪንጅ በግድ ላጠጣው?» ብለው ለጠየቁት፣ የእኔም ውሻ በዚሁ ሁኔታ ለሞት ተቃርቦ ስለነበር የማውቀውን ሁሉ እጽፍልዎታለሁ።

1. በግድ አያጠጡት። በተለይ የተዝለፈለፈ ወይም ራሱን የሳተ ውሻ አፉ ውስጥ ውሃ ቢያፈሱበት ወደ ሳንባው ሊገባና ሊገድለው ይችላል።

2. ሳህኑ የተቀመጠበትን ቦታ እኩለ ቀን ላይ ሄደው ይመልከቱ። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ይመታዋል፤ በብረት ሳህን ያለ ውሃ ደግሞ ቶሎ ስለሚግል ውሻው አሽትቶት ይመለሳል። የእርስዎም ችግር ይኸው መሆኑን አልጠራጠርም፤ ምክንያቱም ለጉዞ ስወጣ ገንዘብ ከፍዬ በአደራ የሰጠሁት የውሻ ማቆያ በእኔ ውሻ ላይ ያደረሰው ይህንኑ ነው። ስመለስ ጠባቂው «ሳህኑ ሙሉ ነው፤ አልጠማውም ማለት ነው» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ። እጄን ብነክር ውሃው ግሏል። የውሻው ምራቅ ወፍሮ እንደ ክር ይሳባል፤ ከንፈሩን ገልጬ ስነካው፣ እርጥብና አንሸራታች መሆን የሚገባው ድዱ ደርቆ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ድዱን ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መልሶ መቅላት አለበት፤ የእርሱ ግን ዘገየ።

ሆዱንና መዳፎቹን በቀዝቃዛ ውሃ እያራስኩ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ውሻ ሲሞቀው ያለከልካል፤ ተራህን ጠብቅ» አለችኝ። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ውሻ እንደ ሰው ገላው ስለማያልበው በዋናነት የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ ባለከለከ ቁጥርም ውሃ ያጣል፤ ስለዚህ ሳይጠጣ ሲያለከልክ የዋለ ውሻ ተራ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። የሐኪሙን በር አንኳኩቼ ድዱን እንዲያይልኝ ለመንኩት። የጤናማ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሲሆን የእርሱ 41 አልፎ ስለነበር፣ ወዲያው በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጠው። ሐኪሙ ድዱን መፈተሼ እንዳተረፈው ሲነግረኝ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

ከዚያ ወዲህ በቀላሉ የማይገለበጡ ሁለት ሳህኖች በተለያየ ጥላ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ውስጣቸው እንዳያሟልጭ በየቀኑ እያጠብኩ ውሃውን ደጋግሜ እቀይራለሁ። ደረቅ የውሻ ምግብ የሚይዘው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ በውሃ አርሼ እሰጠዋለሁ። ጤናማ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል፤ ማለትም 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከ1 ሊትር ያላነሰ፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ከዚያም በላይ። መረቅ ሊጨምሩለት ካሰቡ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው የሌለበት ይሁን፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ሮጦ ሲመጣ በጥቂት በጥቂቱ ያጠጡት፤ በአንዴ ከተጋተ ያስመልሰዋል። እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ሲያለከልኩ እንኳ በቅጡ ስለማይቀዘቅዙ እጥፍ ጥንቃቄ ይሻሉ።

አሁኑኑ የውሻዎን ድድ ይንኩት። ደርቆ ከተጣበቀ፣ ወይም ውሻው ካስመለሰውና ከተንገዳገደ፣ እያራሱት ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ካርድ ክፍል ቢያስቆሙዎትም ሐኪሙ ራሱ ድዱን ሳይነካ እንዳይመለሱ።