ጥርስ ሐኪም ለሚፈራው ልጅሽ፦ ስለ ውሻዋ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው ልጅሽን የማውቀው መሰለኝ። የ7 ዓመት ልጅ ነው፣ ሁለት መንጋጋው ተበልቷል። ባለፈው ወንበሩ ላይ እንኳ ሳይቀመጥ ክፍሉን በጩኸት አናውጦት ወጣ። ሐኪሙም «ሌላ ቀን እንሞክራለን» ብሎ ሸኛችሁ። አሁን ደግሞ ውሻ ያለበት የሕፃናት ጥርስ ክሊኒክ እንዳለ ሰማሽ። የጠየቅሽን ሦስት ነገር ነው። እውነት ይሠራል ወይ? የቤታችንን ውሻ ይዘን ብንሄድስ? ውሻ ባይሆን ሌላ እንስሳ ይሆናል ወይ?

እኔ የሕፃናት ጥርስ ሕክምና ክፍል ውስጥ ረዳት ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። ከነዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ የሰለጠነች ውሻ ከባለቤቷ ጋር ትመጣልን ነበር። ስሟን ቡቺ እንበላት። ስለዚህ የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ያልተሳካልንንም ጭምር።

አዎ፣ ይሠራል። ግን ሰው በሚያስበው ቦታ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያስበው ልጁ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ፣ ውሻዋ ጭኑ ላይ ተኝታ፣ እሱ ጸጉሯን እየዳበሰ መርፌው ሲገባ ነው። እሱም አለ፤ ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው። የቡቺ ትልቁ ሥራ ግን ከዚያ በፊት መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ያልቅ ነበር።

ልጅ የሚፈራው መርፌውን ብቻ አይደለም። ሽታው አለ። ከበሩ ወዲያ የሚሰማው የመቦርቦሪያው ድምፅ አለ። እጁን ጨብጣ የያዘችው እናቱ መዳፏ ላብ በላብ ሆኗል። (አይዞሽ፣ ሁሉም እናት እንደዚያ ናት።) እንዲህ ሃያ ደቂቃ የተቀመጠ ልጅ ስሙ ሲጠራ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ጭራቅ ጣሪያ ነክቷል። ውሻ ስትገባ ግን ዓይኑ ወደሷ ይሄዳል። «ስሟ ማነው? ትናከሳለች? ለምን ምላሷን ታወጣለች?» ይላል። ልጅ መጠየቅ ከጀመረ ግማሹን መንገድ መጥቶልሻል።

አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እስከዛሬ አልረሳትም። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ስር ገብታ እምቢ አለች። አባቷ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ደከመው። የቡቺ ባለቤት ምን አደረገች? «ነይ ዳብሻት» አላለችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ጀርባዋን ለልጅቷ ሰጠች፣ ቡቺን በብሩሽ ማበጠር ጀመረች። ዝም ብላ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከወንበሩ ስር አንዲት ትንሽ እጅ ብቅ አለች። ብሩሹን አቀበለቻት። ቆይታ ደግሞ «ዛሬ የቡቺን ጥርስ መቁጠር አለብን፣ ብቻዬን ይሳሳትብኛል፣ ትረጂኛለሽ?» አለቻት። ባለቤቷ የቡቺን ከንፈር ገለጥ አደረገች፣ ልጅቷ ሳትነካ በዓይኗ ቆጠረች። የአዋቂ ውሻ ጥርስ 42 ነው። ልጅቷ 38 ላይ ተምታታባትና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሲያልቅ ሐኪሟ ከበሩ ላይ ሆና «ያንቺስ ስንት ነው?» አለቻት። አፏ ራሱ ተከፈተ። 23 ሆነ፤ አንዱ በዚያ ሳምንት ወልቆ ነበር።

በዚያን ቀን ሌላ ምንም አልሠራንም። ቆጥረን ሸኘናት። በሁለተኛው ቀን ጥርሷን አጸዳንላት፣ በሦስተኛው ሞላንላት። አባቷ መጀመሪያ ቀን «ለመቁጠር ነው እንዴ የመጣነው?» ብሎ ተበሳጭቶ ነበር። እውነቱን ነው፤ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። ነገር ግን ልጅቷ አፏን የከፈተችው ተገድዳ አልነበረም።

ይህ አካሄድ ከውሻ በፊትም የነበረ ነው። የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች «ንገር፣ አሳይ፣ አድርግ» ይሉታል። መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ በልጅ ቋንቋ ይነገረዋል፣ መሣሪያው ይታያል፣ ከዚያ ይሠራል። ውሻዋ «አሳይ» የሚለውን ታቀለዋለች። ሌላም ነገር አለ፣ እኔ ዋናው እሱ ይመስለኛል። ልጁ ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያዝበት፣ ትንሹ ፍጡር ነው። ቡቺ ስትመጣ የሚንከባከበው አገኘ። «ቀስ በሉ፣ እንዳትፈራ» ብሎ እኛን የሚቆጣ ልጅ ስንት አይቻለሁ መሰለሽ!

ነገሩ የዛሬ ፋሽን አይደለም። ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል የኒውዮርክ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ጂንግልስ የሚባል ውሻ ነበረው። አንድ ከሰው ጋር የማይግባባ ልጅ ከቀጠሮው ቀድሞ መጣና ውሻውን ቢሮው ውስጥ አገኘው። ልጁ ለሰው ያልሰጠውን ለውሻው ሰጠ። ሌቪንሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ1962 ጻፈው፤ ዛሬ የምናየው ሁሉ ከዚያ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣ ነው።

ጥናቱ ግን እንደ ወሬው የደመቀ አይደለም፤ ይህንን ሳልነግርሽ ባልፍ ዋሸሁሽ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 40 ልጆችን ወስዶ ግማሾቹን ከውሻ ጋር፣ ግማሾቹን ያለ ውሻ አሳከመ። በጠቅላላው ሲታይ በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። የሚገርመው ግን ገና ሲመጡ መጨነቃቸውን በአፋቸው የተናገሩት ልጆች ላይ ነው። እነሱ ተጋድመው ሐኪሙን ሲጠብቁ ውሻ አጠገባቸው ከነበረ ሰውነታቸው ረገብ ብሎ ተገኘ። ልብ በይ፣ ሲጠብቁ ነው። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ያልፈራ ልጅ ከውሻዋ ጋር ተጫውቶ ይሄዳል፤ የፈራው ግን ይይዛታል።

አሁን ያልተሳካልንን ልንገርሽ። አንድ የ6 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከቡቺ ጋር ሲሳሳቅ ገብቶ ወንበሩ ላይ ወጣ። ቡቺ እግሩ ስር ተኛች። ደስ ብሎን ጥርስ በንዝረት የሚያጸዳውን ማሽን አበራነው። ቡቺ ዘላ ተነሳች። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣበቀች፣ ከንፈሯን ላሰች፣ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ልጁ አያትና «እሷም ፈራች!» ብሎ ጮኸ። በቃ፣ የዚያን ቀን አበቃ። አፉን ለማስከፈት ሁለት ወር ፈጀብን።

ምን ሆነች? ኋላ ነው የገባን። የሰው ጆሮ እስከ 20 ሺህ ሄርትዝ (በሰከንድ 20 ሺህ ንዝረት ማለት ነው) ገደማ ይሰማል። ውሻ እስከ 45 ሺህ ገደማ ትደርሳለች። እነዚያ ማሽኖች ብዙዎቹ በ25 ሺህና በ30 ሺህ ሄርትዝ ነው የሚንቀጠቀጡት። እኛ የውኃ ሹክሹክታ የመሰለንን ማሽን እሷ ስታዳምጠው ሌላ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን። ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ቡቺ «ሥራዋን ጨርሳ» ትወጣለች፣ ልጁ ራሱ ይሸኛታል፣ ሲጨርስ ውጭ ትጠብቀዋለች። ይህ ደንብ ለልጁም ጠቀመው፤ የሚሮጥለት ነገር አገኘ።

ስለዚህ የቤታችሁን ውሻ ይዘሽ አትሂጂ። አውቃለሁ፣ ልጅሽን ይወደዋል፣ ጨዋም ይሆናል። ነገር ግን ልጅሽ ሲጮኽ እሱ ምን ያደርጋል? ጌታውን የሚያስጮኸው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነዋ። ታማኝ ውሻ የሚሠራው ይታወቃል። የሰለጠነችዋ የምትለየው በጨዋነቷ ብቻ አይደለም፤ የማታውቀው ልጅ ጆሮዋ ስር ሲያለቅስ ዝም ብላ እንድትቆይ ተፈትናለች። ባለቤቷም የውሻዋን ድካም ታነባለች። ሳይደክማት ማዛጋት፣ ከንፈር መላስ፣ የዓይን ነጭ ማብዛት፣ ፊት ማዞር፤ ይህ ሁሉ «አውጡኝ» ነው።

ጽዳቱም አለ። የአሜሪካ የሆስፒታል ኢንፌክሽን ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ ለዚህ ሥራ ውሻ ብቻ ይሁን፣ ቢያንስ 1 ዓመት ይሙላት፣ ጉብኝቱ ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ጥሬ ሥጋ የምትበላ ውሻ አትግባ ይላል። የሚዳብሳት ሁሉ ከመንካቱ በፊትም በኋላም እጁን ያጸዳል። በተለይ በኋላ፣ ምክንያቱም የእኛ ሥራ አፍ ነው። ፊት ማስላስ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፣ ልጁ ቢወደውም።

ይልቅ የቤቱን ውሻ ቤት ውስጥ ተጠቀሚበት። ልጅሽ «ሐኪም» ይሁን፣ ውሻው «ታካሚ»። አፉን በግድ እንዳይከፍትበት እንጂ ያናግረው፣ ምን እንደሚደረግ ያስረዳው። «አሁን ጥርስህን እቆጥራለሁ፣ አያምም» ሲል ስሚው። ፍርሃቱ የቱ ጋ እንዳለ ከአፉ ታገኚዋለሽ። አንድ ልጅ ለውሻው «ተኝተህ ስታየው መብራቱ ይወድቅብሃል ብለህ አትፍራ» ሲል እናቱ ሰማችው። ያ ሁሉ ጩኸት ከራሱ በላይ ለተሰቀለው መብራት ነበር!

ሌላ እንስሳ ላልሽው፣ አሳ። የምሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ካቸር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጥርስ ሊነቀልላቸው የመጡ ሰዎችን የአሳ ገንዳ እንዲያዩ አደረጉ። ሰዎቹን በማረጋጋት ረገድ አሳ ማየቱ ከሂፕኖሲስ (ሰውን በንግግር ወደ ሰመመን ከማስገባት ዘዴ) አላነሰም። እነዚያ አዋቂዎች ነበሩ፣ ልጆች አይደሉም። ግን አሳ አይናከስም፣ ጸጉር የለው፣ አለርጂ አያስነሳ፣ ማሽን አያስደነግጠው። ኤሊና እንሽላሊት ግን አይሆንም፤ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ጀርም ይዘው ይገኛሉ።

ልጅሽ አስም ካለበት፣ ለውሻ ጸጉር አለርጂ ከሆነ፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ከሆነ፣ ወይም ውሻ ራሱን የሚፈራ ከሆነ ይቅርበት። በእምነታቸው ምክንያት ውሻ እንዲነካቸው የማይፈልጉ ቤተሰቦችም ይመጣሉ። ስለዚህ ደህና ክሊኒክ ውሻዋ ስትመጣ ሌላውን ታካሚ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ውሻ የሌለበት ቀንም አለው።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። «አፍህን ካልከፈትክ ውሻዋ ትሄዳለች» እንዳትዪው። ጉቦ ካደረግሻት ውሻዋም ከመርፌው ወገን ትሆናለች። ማደንዘዣውንም አትተካም። የሚያም ነገር በደንብ መደንዘዝ አለበት፤ ውሻ አለች ተብሎ መርፌ የሚቆጠብ ከሆነ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።

ክሊኒኩ ስትደውዪ ውሻዋን ማን እንዳሰለጠናት፣ ክትባቷን ማን እንደሚከታተል፣ በቀን ስንት ልጅ እንደምታይ ጠይቂ። ከስንት አንዴ እንደምታርፍም። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ይሄ ይሁን፦ ውሻዋ ታማ የቀረች ቀንስ? «ቀጠሮ እናዞራለን» ካሉሽ ሁሉንም ነገር ውሻዋ ላይ ጥለውታል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ቡቺ አንድ ጊዜ እግሯን አሟት ሦስት ሳምንት ቀረች። ያቺ ከወንበር ስር የወጣችው ልጅ ለክትትል የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ቡቺ እንደሌለች ስንነግራት ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጣችና «እንግዲያው ቶሎ በሉ፣ ስትድን ስንት ጥርስ እንዳለኝ ንገሩልኝ» አለችን።