«አልገባኝም» ለማለት አትቸኩሉ

ሰላም ልጆች፣ በተለይ አኒሜሽን እየተማራችሁ ሌሊቱን ላፕቶፕ ላይ የምታነጉት። ዛሬ ስለ «ዴስቲኖ» ላወራችሁ ፈልጌ ነው፣ ዋልት ዲዝኒና ስፔናዊው ሰዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ አብረው የጀመሩት አጭር የአኒሜሽን ፊልም። እድሜዬን ሙሉ የቆየሁት ኤዲቲንግ ላይ ነው፣ ይሄን ፊልም ለወጣቶች ሳሳይ ታዲያ ሁሌ የሚገጥመኝ ነገር አለ። ሰባት ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ ገና ሳያልቅ አንዱ «ምን ማለት ነው?» ይላል፣ ሌላው «አልገባኝም» ብሎ ስልኩን ያወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ አይኑ እንባ አቅርሮ ለምን እንደሆነ መናገር ያቅተዋል። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ላይ ዳሊ ካሊፎርኒያ ዲዝኒ ስቱዲዮ ገባና ጆን ሄንች ከሚባል የስቱዲዮው ሰዓሊ ጋር ለወራት ስቶሪቦርድ፣ ማለትም ፊልሙን ትዕይንት በትዕይንት የሚያሳዩ ስዕሎች፣ ሲስል ከረመ። ዘፈኑ የሜክሲኮው አርማንዶ ዶሚንጌዝ ድርሰት ነው፣ ዶራ ሉዝ ናት የዘፈነችው። ከዛ ከጦርነቱ ማግስት ስቱዲዮው የገንዘብ ችግር ላይ ስለነበር ስራው ቆመ፣ በእጅ የቀረው ስዕሎቹና ወደ 17 ሰከንድ የምትሆን የሙከራ ፊልም ብቻ ነች። ዲዝኒ በ1966 ሞተ፣ ዳሊ በ1989። በ1999 የዋልት የወንድም ልጅ ሮይ ዲዝኒ ስዕሎቹን አነሳቸውና ፓሪስ ያለው ስቱዲዮ በዶሚኒክ ሞንፌሪ ዳይሬክተርነት ጨረሰው፣ ሰኔ 2003 ፈረንሳይ አኔሲ የአኒሜሽን ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ ለኦስካርም ታጨ። ሄንች ያኔ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነበር፣ ግን በህይወት ስለነበረ የትኛው ስዕል ከየትኛው እንደሚቀጥል እሱን መጠየቅ ተችሏል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ይሄ ነው፣ አንድ ሰው በሰላሳዎቹ እድሜው የጀመረውን ስራ ከሃምሳ ምናምን አመት በኋላ አልቆ ማየቱ።

እንግዲህ «ምን ማለት ነው» ለምትሉኝ፦ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው አንድ አይነት መልስ አልነበራቸውም። ዲዝኒ እውነተኛ ፍቅር የምትፈልግ ልጅ ቀላል ታሪክ ነው ሲል ዳሊ ደግሞ መውጫው በሚጠፋ የጊዜ ውስብስብ መንገድ ውስጥ ስላለ የህይወት ችግር ነው ይል ነበር። ሰሪዎቹ ያልተስማሙበትን እናንተ በመጀመሪያ እይታ ለምን ታውቁታላችሁ? እኛ ሰምና ወርቅ ሰምተን ስላደግን ወርቁን ፍለጋ እንቸኩላለን፣ ግን ቅኔ ሰሚ እኮ መጀመሪያ ሰሙን በደንብ ይሰማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያያችሁትን ተናገሩ። ልጅቷ የደወሉን ጥላ እንደ ቀሚስ ስትለብሰው አያችሁ? ከመዳፍ ውስጥ ጉንዳን ይወጣና ጉንዳኖቹ ዳቦ በጭንቅላታቸው የተሸከሙ ብስክሌተኞች ይሆናሉ፣ ይቺን መዳፍና ጉንዳን ዳሊ በ1929 ከፊልም ዳይሬክተሩ ሉዊስ ቡኙኤል ጋር በሰራው ፊልም ውስጥም ታገኟታላችሁ፣ ማለትም ሰውየው ዝም ብሎ የመጣለትን አልደረደረም፣ የራሱን ነገር ነው ይዞ የመጣው። ኤሊዎቹ ጋ ደግሞ ፖዝ አድርጉ። ሁለት ኤሊ ጀርባቸው ላይ ፊት ተሸክመው እየተጠጉ ይመጣሉ፣ ሲገናኙ በመሃላቸው የቀረው ባዶ ቦታ ባሌሪና ይሆናል። ዳንሰኛዋን ማንም አልሳላትም፣ የተሳለው ዙሪያዋ ነው! የድሮዋ ሙከራ ፊልም ይቺ ነች፣ በ2003ቱም ፊልም ውስጥ ገብታለች።

ኮምፒውተር ስለገባበት የዳሊ አይደለም የሚሉም አሉ። አብዛኛው በእጅ የተሳለ ቢሆንም የኮምፒውተር እገዛ የታየባቸው ቦታዎች አሉት፣ አንዳንዱ ጋ ካሜራው በጣም ልስልስ ይልብኛል፣ እኔም አልወደውም። ግን እንደዚህ አይነት ቅሬታ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ያየ ሰው ነው የሚናገረው፣ «ይሄ ቦታ ላይ፣ ይሄ ሾት» ብሎ መጣላት ይቻላል። «አልገባኝም» ካለኝ ሰው ጋር ግን ምን አወራለሁ?

የራሳችሁን ስራ ለሰው ስታሳዩም እንደዛው አድርጉ። ቀድማችሁ አታብራሩ፣ «ገባህ ወይ?» ብላችሁም አትጠይቁ። ሲያልቅ «ምን አየህ?» በሉትና ሳታቋርጡት የሚለውን ጻፉ፣ የትኛውን ሾት ቀድሞ እንዳነሳና የትኛውን ጭራሽ እንዳላነሳ ያዙ፣ ኤዲት ስትቀመጡ ከእሱ ጀምሩ።